ስንጥሩ የማን ነው?

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል ያገራችን ሰው። ልጅ ሆኜ ይህን ተረት ስሰማ የሚገርመኝ እንጨት እንዴት ብሎ ለስላሳ ምግብ ውስጥ እንደሚገባ ነበር። ካደግሁ ወዲህ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ተረቱ ጠርጥር ይለናል እንጂ ማንን እንደምንጠረጥር አይነግረንም። ያገነፋችውን ነው? እህሉን ያስፈጨውን ነው? ወይስ ማንኪያውን ይዞ የተቀመጠውን፣ በይውን ራሱን?

ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ መጽሐፍ አይደለም። ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ቮልስዋገን ናት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ቮልስዋገን ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም፤ በየሰፈሩ ያለች ዘመድ ናት። ጀርመኖች ጀምረዋት፣ ኋላ ሜክሲኮ ውስጥ መሠራቷ ቀጥሎ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ለእኛ ደግሞ ሌላ ትዝታ አላት። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥት ተሳፍረው የወጡት በዚችው ትንሽ መኪና ነበር። አባቴ ይህን እያነሣ «እኔንና ጃንሆይን የሚያገናኘን አንድ ነገር ቢኖር እሷ ናት» እያለ ይቀልድ ነበር።

የእኛዋ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራች ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የቤንዚን ታንኳ ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር። ሞተሩን የሚያበርደው ውሃ ሳይሆን አየር ነው። ባትሪዋ 6 ቮልት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን የቤንዚን መለኪያ የሌላት መሆኑ ነው። ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል መኪናዋ ታስላለች፤ ያን ጊዜ ከእግር በላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ሲያዞሯት መጠባበቂያው ይለቀቃል። አባቴ ግን እስክታስል መጠበቅ አይወድም ነበር። በካራ ምልክት ያደረገባት አንዲት የወይራ ዘንግ ነበረችው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ የታንኩን ክዳን አዙሮ፣ ዘንጓን ነክሮ ያወጣና «ግማሽ አለ»፣ «ሩብ አለ» ይላል። እሱ ሲያርፍ መኪናዋም ዘንጓም ለእኔ ቀሩ። አነካከሩንም ወረስኩ።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር መኪናዋ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ መንቀጥቀጥ አመጣች። ማክሰኞ ዕለት አባቴ ለብዙ ዓመት ደንበኛ ወደነበረበት የሰፈራችን ጋራዥ ወሰድኳት። ባለቤቱ ሥራ በዝቶበት ስለነበር ካርቡራቶሩን ፈትቶ ያጠበው ረዳቱ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ነበር። እያንዳንዷን ብሎን በፈታበት ተራ በጋዜጣ ላይ ሲደረድር አይቼዋለሁ። መንቀጥቀጧ ተወ። ሒሳቡን ከፍዬ፣ ለልጁም የሻይ ብዬ ሄድኩ።

እሑድ የእናቴ አብሮ አደግ ቢሾፍቱ ላይ ማረፏን ሰማን። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። ታንኩን ሞልቼ፣ እናቴን አሳፍሬ ወጣሁ። እናቴ በዚያች መኪና ስትሄድ «ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ሳትል ውላ አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን አላለችም። ኀዘኑ ነው አልኩ።

አቃቂን እንዳለፍን ሞተሩ እንደሚያስል ሰው ትክ ትክ አለና ቀጥ አለ። ወረድኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ዘንጓን ነከርኩ፤ ቤንዚኑ ሙሉ ነው። ወደ ኋላ ዞሬ የማላውቀውን ሞተር አፍጥጬ አየሁ። የነካካሁትን ነካክቼ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ቁልፉን ባዞረው ምንም እንዳልነካው ሆኖ ተነሣ። ዱከምን ካለፍን በኋላ ደግሞ እንደገና ቆመ። አሁንም ዘንጉ፣ አሁንም ቤንዚን ሙሉ። በዚህ መሐል ባትሪው ደከመ፤ መንገደኞች ገፉልን። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ሰው ከመቃብሩ እየተመለሰ ነበር።

እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ቢሾፍቱም ላይ፣ በመንገድም ላይ፣ ቤት ስንደርስም። ሌላ ጊዜ ብትቆጣኝ ኖሮ ምናልባት በማግስቱ ያደረግሁትን አላደርግም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከጋራዡ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ልጁ መኪና ሥር ተኝቶ ይሠራል። ባለቤቱን ጠርቼ፣ ልጁ እየሰማኝ፣ «ደህናውን ዕቃ አውጥቶ ሌላ ገጥሞብኛል» አልኩ። ልጁ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ ያንኑ ነው አጥቤ የገጠምኩት» አለኝ። እኔም መልስ ነበረኝ። «አንተ ሳትነካት አትቆምም ነበር። ከነካሃት ወዲህ ቆመች። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» ልጁ መልስ አልነበረውም። ማንስ ቢሆን ምን ይመልሳል? ባለቤቱ የአባቴን ወዳጅነት አስቦ፣ የደንበኛም ስም ፈርቶ፣ በዚያው ሳምንት አሰናበተው። ካርቡራቶሩንም ራሱ ደግሞ አጠበልኝ፤ ገንዘብ አልተቀበለኝም።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ አልቆመችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ፒያሳ ስሄድ፣ ቦሌ ስሄድ፣ አንድም ጊዜ አላሳለችም። «አላልኩም?» አልኩ ለራሴ። ልጁ መባረሩን ስሰማ የተሰማኝ ጥቂት ቅሬታ ሁሉ በነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ጠፋ።

በአራተኛው ሳምንት ወደ ደብረ ሊባኖስ ስንሄድ ሱሉልታን አልፈን ቆመች።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 እና በ1748 ባሳተማቸው ሥራዎቹ ያነሣው ነገር አለ። አንዷ የቢሊያርድ ኳስ ሌላዋን ስትመታ ዐይናችን የሚያየው የመጀመሪያዋን መድረስና የሁለተኛዋን መንቀሳቀስ ነው፤ በመካከላቸው «ምክንያት» የሚባል ክር ማንም አይቶ አያውቅም፤ ክሩን የሚፈትለው ደጋግሞ በማየት የለመደው የራሳችን አእምሮ ነው ይላል። ሂዩም ሰው ለምን እንደዚህ እንደሚያስብ ለመግለጽ ቢያንስ መደጋገምን ጠይቋል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ ነው ክሬን የፈተልኩት። ማክሰኞ ልጁ ነካት፤ እሑድ ቆመች። አለቀ።

ከሂዩም መቶ ዓመት ግድም በኋላ እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባወጣው የሎጂክ መጽሐፉ ምክንያትን ለማደን የሚያገለግሉ መንገዶችን ዘረዘረ። አንደኛው መንገድ ቀላል ነው። አንድ ነገር የሆነበትን ጊዜና ያልሆነበትን ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ ሁለቱ በሁሉም ነገር ተመሳስለው በአንድ ነገር ብቻ ቢለያዩ፣ ያ አንዱ ነገር ምክንያቱ ወይም የምክንያቱ አካል ነው። ቁም ነገሩ «በአንድ ነገር ብቻ» የምትለው ናት። በዚያች ሳምንት በመኪናዋ ላይ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበርን? እኔ አዎን ብዬ ነበር። ምዬም ቢሆን እመሰክር ነበር።

ከደብረ ሊባኖሱ መንገድ በኋላ የሆነውን ለማሳጠር ያህል፣ ሰባት ወር ተንከራተትኩ። ብልጭ ድርግም የሚል ብልሽት እንደሌላው ብልሽት አይደለም። የተሰበረ ነገር ስብራቱን ያሳያል። የሚመጣና የሚሄድ ነገር ግን ባለሙያ ፊት ሲቀርብ ጨዋ ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ እኔ የምደርሰው ሁልጊዜ ጅቡ ከሄደ በኋላ ነበር። ሦስት መካኒኮች በሰፈር ውስጥ አዙረው ነድተዋት «ደህና ናት» አሉኝ። አንዱ እንዲያውም «አነዳድህ ይሆናል» አለ። እውነቱን እየተናገሩ አለመታመን ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ቀመስኩት። በዚያ ሰዓት ልጁን አስታወስኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላስታወስኩትም።

በሽታም እንዲህ ያለ አለ። ልቤ ይመታብኛል ብሎ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው፣ አልጋው ላይ ሲተኛ ልቡ እንደ ሰዓት ትክክል ይመታል። ኖርማን ሆልተር የተባለ አሜሪካዊ ሰው የሚሸከመውን የልብ መመዝገቢያ የፈለሰፈው ለዚህ ነው። ሕመሙ ወደ ምርመራው ካልመጣ፣ ምርመራው ከሕመምተኛው ጋር ውሎ ይደር ማለት ነው። ይህ ዘዴ ብቻ ሳይሆን ደግ ሥነ ምግባርም ይመስለኛል፤ «አላየሁትምና የለም» ከማለት «እስካየው አብሬህ ልቆይ» ማለት ነውና።

በነዚያ ሰባት ወራት ኮይሉ ተቀየረ፤ ሲሞቅ ብልጭታ የሚያሳጣ ኮይል አለና ጥርጣሬው አግባብ ነበር። ኮንዴንሰሩ ተቀየረ። ካንዴላዎቹ ተቀየሩ። የቤንዚን ፓምፑ ተፈታ። እያንዳንዱ ለውጥ ለጥቂት ሳምንታት «ፈወሳት»፤ እያንዳንዱ ፈውስም የራሱ አማኝ ነበረው። አንዱ መካኒክ ዛሬም ያዳንኳት እኔ ነኝ ሳይል አይቀርም።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኮይሉን የጠረጠረው መካኒክ ፈትቶ፣ ለክቶ፣ አሙቆ ፈተነው። በሌላ ከቀየረው በኋላ እንኳ አሮጌውን አልጣለውም፤ «ምናልባት ንጹሕ ይሆናል» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ኮይሉ እስከዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ለኮይሉ የተደረገው ለልጁ አልተደረገም። ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ዕቃ የራሷ መሆን አለመሆኑን ማንም ከፍቶ እንዲያይ አልጠየቅሁም። ሳላስመረምር ፈረድኩ።

በነሐሴ ወር ማብቂያ አንድ ወዳጄ ከሥራ የወጡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰደኝ። ታሪኩን ከነቅርንጫፉ ነገርኳቸው። ኮፈን አልከፈቱም፤ ካቻቢቴ አላነሱም። ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«የት የት ነው የቆመችብህ?»

«አቃቂ፣ ዱከም፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ መንገድ...»

«ከተማ ውስጥስ?»

«አንድ ጊዜም አልቆመችም ጋሼ።»

«ከተማ ስትነዳ ስንት ቤንዚን ትይዛለህ?»

«ሩብ። ከሩብ ያነሰም ይሆናል።»

«ሩቅ አገር ስትወጣስ?»

«እሞላለሁ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ሙላትና አብረን እንውጣ። ሳትቆም አላያትም» አሉኝ።

በደብረ ብርሃን መንገድ ወጣን። ለገጣፎን አልፈን ብዙም ሳንሄድ፣ እንደ ልማዷ ትክ ትክ ብላ ቆመች። በሕይወቴ መኪና ስለቆመ ደስ ያለኝ ያን ዕለት ብቻ ነው። ወርጄ ዘንጌን ይዤ ወደ ኮፈኑ ስሮጥ ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ጮኹ።

«ተው! ምን ልታደርግ ነው?»

«ቤንዚን መኖሩን ልይ ብዬ...»

«ጠዋት አልሞላህም?»

«ሞልቻለሁ።»

«ታዲያ ምንድነው የምታየው? በቆመችብህ ቁጥር መጀመሪያ የምታደርገው ይህንኑ ነው?»

አዎን አልኳቸው። ሁልጊዜ። አባቴም እንዲህ ነበር።

ከኋላ ሄዱ። አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅለው ከብረት አስጠግተው ቁልፉን እንዳዞር አዘዙኝ፤ ብልጭታው ደህና ነው። ገመዱን መለሱ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ከታንኩ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ከፓምፑ ላይ ነቅለው ጫፉን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት። ጥቂት ጠብታ ወረደና ቆመ። ታንኩ ሙሉ ነው፤ ቱቦው ግን ደረቅ።

«አሁን ሂድና ክዳኑን ክፈት። ጆሮህን አስጠጋ።»

ክዳኑን ሳላላው ታንኩ እንደ ሰው ተነፈሰ። ረዥም፣ ወደ ውስጥ የሚስብ ትንፋሽ። ከኋላ ሽማግሌው «መጣ!» አሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ቤንዚን ይወርድ ነበር።

ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ነው። ቤንዚን ከታንክ ሲወጣ ቦታውን አየር መተካት አለበት። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን በላዩ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ሊትር ሲወጣ ወዲያው ይታፈናል። ሩብ ሲሆን ግን በቂ አየር ስላለ ከፒያሳ ቦሌ ደርሶ መልስ ምንም አይሰማውም። ይህ ነው ከተማ ውስጥ ጨዋ፣ መንገድ ላይ ባለጌ ያደረጋት። እኔ ደግሞ በቆመች ቁጥር ከሁሉ አስቀድሜ ክዳኑን እከፍት ነበር። ምርመራዬ ራሱ ብልሽቱን ይፈውሰዋል፤ ከዚያ ሞተሩን ሩብ ሰዓት አፍጥጬ ስነካካ እቆያለሁ፤ ስትነሣም የነካሁት ነገር ያስነሣት ይመስለኛል። ሰባት ወር ሙሉ ማስረጃውን በገዛ እጄ ሳጠፋ ኖርኩ።

ሽማግሌው በዚህም አልረኩም። «አንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው» አሉ። ክዳኑን አጥብቀው ዘግተው እንድነዳ አደረጉኝ፤ እንደገና ቆመች። ሳይፈቱ፣ ሳይነኩ፣ ክዳኑን ብቻ ከፈቱ፤ ተነሣች። ከዚያ ክዳኑን ግማሽ ዙር አላልተው በእርጋታ ሰንዳፋ ደርሰን ተመለስን፤ አልቆመችም። ስለ ሚል ሰምተው እንደሁ አልጠየቅኋቸውም። የሠሩት ግን እሱ የጻፈውን ነው፤ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ትተው አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ ነበር።

ቤት ስንደርስ ክዳኑን በእጃቸው ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይኼ የሷ አይደለም። የታንኩ ትንፋሽ በክዳኑ በኩል ነበር፤ ይኼ ግን ድፍን ነው። ማነው የገጠመው?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ነው ያስታወስኩት።

እኔ ነኝ የገጠምኩት። በዚያች በጥር ሳምንት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በልጁ ማክሰኞና በቀብሩ እሑድ መካከል። እናቴ ስለ ሽታው ማማረሯ ሰልችቶኝ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ «ምንም ሽታ የማያስወጣ፣ ጥብቅ ያለ ክዳን ስጠኝ» ብዬ ገዛሁ። ሻጩ የጠየቅሁትን ሰጠኝ። እሑድ እናቴ ስለ ሽታ ዝም ያለችው በኀዘን ብቻ አልነበረም፤ የሚሸት ነገር ስላልነበረ ነው። ያ ሁሉ በእጄ የሠራሁት፣ በገንዘቤ የገዛሁት፣ በዘንግ በነከርኩ ቁጥር እያዞርኩ የከፈትኩት ነገር ነው። ሰባት ወር ሙሉ «በዚያ ሳምንት ምን ተለወጠ?» ብዬ ስጠይቅ ግን አንድ ጊዜም አልታየኝም። የልጁ እጅ ታየኝ። የኔ እጅ አልታየኝም።

ለምን? ዋሽቼ አይደለም፤ ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር። ሰው የምክንያት ዝርዝር ሲያወጣ የሌሎችን ሥራ «ድርጊት» ብሎ ይመዘግባል፤ የራሱን ሥራ ግን እንደ አየር፣ እንደ መሬት፣ ነገር ሁሉ የሚቆምበት መደብ አድርጎ ያልፈዋል። ዝርዝሩን የሚጽፈው እጅ ራሱን አይጽፍም።

ለዚህ ከመኪና ጣጣ እጅግ የከበደ ምስክር በታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። አንዱ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች የሚሠሩበት፣ ሌላው አዋላጆች የሚሠሩበት ነው። ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በሐኪሞቹ ክፍል እጅግ ይበዙ ነበር። ኢግናዝ ዘመልቫይስ የተባለው ሀንጋሪያዊ ሐኪም ምክንያቱን ያላሰሰበት ቦታ የለም። የእናቶቹን አተኛኘት ለወጠ። ለሚሞቱት ቊርባን ሊያቀብል ደወል እያስደወለ በክፍሉ የሚያልፈው ቄስ ያስደነግጣቸው ይሆናል ብሎ የቄሱን መንገድ እንኳ አስቀየረ። ቄሱም ተጠርጥሮ ነበር ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ1847 ግን አንድ ባልደረባው አስከሬን ሲመረመር በተማሪ ቢላ ተቆርጦ በተመሳሳይ ሕመም ሞተ። ያን ጊዜ ገባው። ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል ተነሥተው ወደ ወላዶች የሚሄዱት በዚያው እጃቸው ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አደረገ፤ በሚያዝያ ወር ከመቶ 18 ይጠጋ የነበረው ሞት በሰኔ ወር ወደ 2 ግድም ወረደ።

ዘመልቫይስን ትልቅ የሚያደርገው ማግኘቱ ብቻ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመው መጽሐፉ የራሱም እጅ ስንቱን እንደገደለ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ተናዝዟል። ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። ቄሱን መጠርጠር ይቀላል። የአየሩን ጠባይ መጠርጠር ይቀላል። የገዛ እጅን ግን...

እዚህ ላይ አንባቢ ሊከራከረኝ ይችላል። «ሰው በሙሉ ማስረጃ ብቻ ይኑር ካልን ማን ይኖራል? መጠርጠርማ የግድ ነው» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። እኔም ጥርጣሬን አልኮንንም፤ መካኒኩ ኮይሉን ባይጠረጥር ሥራውን አይሠራም ነበር። ነገር ግን ዕቃን መጠርጠርና ሰውን መጠርጠር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። በስሕተት የተፈታ ኮይል መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲያስፈልግ ይመለሳል። በስሕተት የተባረረ ልጅ ግን የሚጠብቅበት መሳቢያ የለም። ስለዚህ በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት የምንጠይቀው ማስረጃ በኮይል ላይ ከምንጠይቀው መብለጥ ሲገባው እኛ የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው። ኮይሉን እንለካለን፤ ሰውን እንገምታለን። ያውም የሚቀርበንን፣ መልስ የማይሰጠንን፣ አቅም የሌለውን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እኔ የሞትን መምጣት፣ የእናቴን ዝምታ፣ የራሴን መዘግየት መምታት ስላልቻልኩ አንድ የጋራዥ ልጅ መታሁ።

ዛሬ መኪኖች ተለውጠዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ በየመንገዱ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። በዘመናዊ መኪና ላይ ኮምፒውተር ሲሰካ ብልሽቱን በቁጥር ይናገራል፤ ማንም ሳያይ መጥቶ የሄደውንም መዝግቦ ያቆያል። መልካም ነው። ይሁንና ባለቤቱ ቅዳሜ ዕለት መርካቶ ሄዶ ያደረገውን ረስቶ በሰው ላይ ሲፈርድ የሚያስታውሰው መሣሪያ ገና አላየሁም።

ልጁን መፈለግ ቀላል አልነበረም። ጋራዡ ባለቤት ጋ ሄጄ ሁሉን ተናገርኩ፤ እሱም አንገቱን ደፋ። ልጁን የማገኝበትን የነገረኝ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሳሪስ አካባቢ ከአንድ ጎሚስታ ጋር ይሠራ ነበር። ቁመቱ ጨምሯል። አወቀኝ፤ ጎማውን ጥሎ ተነሣና እጁን በጨርቅ ጠረገ። ያ አጠራረግ ትዝ አለኝ።

ክዳኑን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ክዳኑን ተቀብሎ ገለበጠው፤ ወደ አፉ አስጠግቶ ነፋበት። «አይተነፍስም» አለ፣ እንደ ባለሙያ። ከዚያ ቀና ሳይል ይህን ጨመረ።

«እኔ እኮ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ ነበር። የትኛዋን ብሎን ነው ያላጠበቅሁት እያልኩ ሌሊት ሌሊት በሐሳቤ ስፈታና ስገጥም ነበር። ብዙ ጊዜ። በኋላ ሞተር መንካት ፈራሁ። ጎማ ይሻላል፣ ቀዳዳው ይታያል።»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ሥራውን እንዳሳጣሁት አውቅ ነበር። በገዛ እጁ ላይ ያለውን እምነት እንዳሳጣሁት ግን አላወቅሁም። እኔ ማየት የተሳነኝን፣ በራስ እጅ ላይ ያለውን ጥርጣሬ፣ ንጹሑ ልጅ በእኔ ፈንታ ዓመት ሙሉ ተሸክሞታል። ወደ ጋራዡ እንዲመለስ ባለቤቱ ፈቃደኛ መሆኑን ነገርኩት፤ «እግዜር ይስጥልኝ፤ እዚህ ለምጃለሁ» አለኝ። የአንዱን ጎማ አየር ሞላልኝ። ሒሳቡን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ፤ ከዚያ በላይ ብሰጠው አልተቀበለኝም። ይቅርታ አድርጎልኝ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም ደግሜ መጠየቅ መብቴ አልመሰለኝም።

መኪናዋ ዛሬም አለች። ሽማግሌው ክዳኑን በቀጭን ምስማር በስተውልኛል። ትሸታለች። እናቴ ስትሳፈር ዛሬም «ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ትላለች፤ እኔም «ትተንፍስ፣ እማዬ» እላታለሁ። የአባቴን ዘንግ ግን ከነምልክቷ እንደያዝኩ ነኝ። አንድ ነገር ሲበላሽብኝ፣ በቤትም ሆነ በሥራ፣ ጣቴን ወደ ሰው ከማንሣቴ በፊት የምጽፈው ዝርዝር አለ፤ የመጀመሪያው መስመር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቅዳሜ ዕለት እኔ ምን አደረግሁ?» ይላል።

ከገንፎ ውስጥ ስንጥር መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያገነፋችውን ከመጥራታችን በፊት ማማሰያውን እንየው። ምናልባት በእጃችን ይዘነው ይሆናል።